ክቡር አቶ እዚህ ድረስ

መጀመሪያ ያየሁት የግራ ሱሪያቸውን ነው፤ እስከ ጉልበት ተጠቅልሏል። ወቅቱ በጋ ነው፤ ወንዙ ለድንቢጥ እንኳ አይበቃም። ሰውዬው ግን ሊሻገር እንደተዘጋጀ ሰው አንድ እግራቸውን ገልጠው ይዞራሉ።

መሠረት በሚቆፈርበት ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ማንም አልጠራውም፤ ቆፋሪው አካፋ ሳያነሳ እሱ እጁን ወደኋላ አጣምሮ አፋፉ ላይ ተገኝቷል። ሲሚንቶው ቀጠነ፣ ድንጋዩ ሳሳ ይላል። ለእኛው ሰውዬ ግንበኛው ስም አወጣላቸው፦ ክቡር አቶ እዚህ ድረስ። ምሳ በሉ ወይ ሲባሉ ጉሮሯቸውን ይነካሉ፦ "እዚህ ድረስ።" ባለቤታቸው ስለ እሳቸው ሲጠየቁ ደግሞ ምርር ብሏቸው የራሳቸውን ግንባር ይነካሉ ይባላል።

አክስቴ አዋላጅ ናት። ሃያ ዓመት በየሰው ጓዳ ስታዋልድ ኖራ አሁን ባለ ሁለት ክፍል ማዋለጃ ልትሠራ ነው። እኔን "የተማርሽ አይደለሽ?" ብላ ለግንባታ ፈቃድ የተጠየቀችውን የጎርፍ ቅጽ እንድሞላላት አስጠራችኝ። ቅጹ ላይ አንዲት ሳጥን አለች፦ "ከፍተኛው የጎርፍ ከፍታ፣ በሜትር።" የወለሉ ከፍታ የሚወሰነው በእሷ ነው። ከተሳሳትን በመጀመሪያው ክረምት ምጥ የያዛት ሴት አልጋ ሥር ውሃ ይገባል።

ከብዙ ዓመት በፊት የመጣውን ትልቁን ጎርፍ ካዩት በሕይወት ያሉት አቶ እዚህ ድረስ ብቻ ናቸው። ከግንባታው ግቢ በር አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ያኔ ውሃው ስንት ሜትር ደረሰ?"

ጉልበታቸውን ነኩ። "እዚህ ድረስ።"

ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብሎ ካለው የውሃ ጉድጓድ ጋ ብጠይቃቸው ወገባቸውን ያዙ። "እዚህ ድረስ።" በማግሥቱ ከዚያም በታች ካለው መጋዘን ጋ ደረታቸውን መቱ። "እዚህ ድረስ!"

ግንበኛው የግንብ ማንኪያውን ጥሎ ሳቀ። "አባባ፣ ይሄ ጎርፍ አሁንም እያደገ ነው እንዴ? ነገ ኮፍያዎን ይዞት ሊሄድ ነው!"

"አንተ ያኔ አልተወለድክም" አሉት፤ ቅርም አላላቸውም።

እኔ ግን በግኜ ነበር። ላጋልጣቸው ብዬ እጃቸውን ባሳረፉበት ልክ ዛፉ ላይ፣ የጉድጓዱ ምሰሶ ላይ፣ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ በጠመኔ አሰመርኩ። ሦስት ውሸት፣ ሦስት መስመር። ሳጥኗ ውስጥ "አይታወቅም" ብዬ ልጽፍ ወስኛለሁ።

ሐሙስ ዕለት ግንበኛው የወለሉን ልክ ሊያወጣ ውሃ የሞላበት ረጅም ቀጭን ጎማ አመጣ። ጎማው በየትም ቢዘረጋ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ እኩል ይቆማል። እኔ ለቀልድ አንዱን ጫፍ ዛፉ ላይ ካለው መስመር ጋር አስተካክዬ ያዝኩ። እሱ ሌላውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ጠመኔውን በጣቱ ነካ።

"ምን ሆንክ?"

"መስመሩ ላይ ቆመ።"

ወደ መጋዘኑ ሄደ። እዚያም ጠመኔው ላይ ቆመ፤ የጣት ውፍረት እንኳ አልሳተም።

መሬቱ ነው ለካ የሚወርደው! እኔ ጉልበትና ደረት ስመዘግብ፣ እሳቸው የሚያዩት ያንኑ አንድ ውሃ ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ዓይናቸው ፊት እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ።

መስመሩን በጎማው ወደ መሠረቱ ስናመጣው ካሰብነው ወለል በሁለት ረድፍ ድንጋይ በለጠ። አክስቴ ትንሽ አሰበች። "ሦስት ረድፍ ጨምሩ። የበረንዳውን ድንጋይ አምጡት፤ በረንዳው ይቅር።"

"ጋሼ፣ ለምን በደንብ አልነገሩኝም?" አልኳቸው።

"ነገርኩሽ እኮ፣ ልጄ። አንቺ ሜትር ጠየቅሽኝ፤ እኔ ውሃውን አሳየሁሽ።"

ወለሉ ያለቀ ቀን መጡ። ግንበኛው ቆቡን አውልቆ "ይግቡ፣ ክቡርነትዎ" አላቸው፤ ይህኛው ሳቅ የለበትም። ደረጃውን ወጡ፣ ወለሉን በተረከዛቸው ሁለት ጊዜ መቱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የግራ ሱሪያቸውን አወረዱት። እንደዚያ ሆነው ሳያቸው ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አቧራ ነው አልኩ።

"በሉ ደህና ዋሉ" ብለው ወጡ። ቤታቸው ከመጋዘኑም በታች ነው። በዛፉ አለፉ፣ በጉድጓዱ አለፉ። መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ጎንበስ ብለው ሱሪያቸውን መልሰው ጠቀለሉና ቁልቁል ወረዱ።