ምራቂ የሌለው ገበያ

በምድር ላይ ባለ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ አንድ መስራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም። ደብተር የለውም፤ ቢዝነስ ካርድ ግን አለው። ምሳውን ከሰው ሳህን ይበላል፤ ስለ ሚሊዮን ተጠቃሚ ሲያወራ ግን የሚያስተናግደን እሱ ይመስላል።

የእኛው፣ የከተማችን የላ ፓዙ፣ ክቡር መስራችና ዋና ሥራ አስኪያጅ ኤልመር ቺፓና ይባላል። በየሴሚስተሩ አንድ ድርጅት ይመሠርታል። መጀመሪያ ላማ፣ ያንን አንገተ ረጅም የተራራ እንስሳ፣ ለሠርግ የሚያከራይ ድረ ገጽ ነበረው። የነበረው ላማ አንድ ነው፤ እሱም ሙሽራዋ ላይ ተፍቶ ጡረታ ወጣ። ቀጥሎ ከከተማው በላይ በሚንሳፈፈው የገመድ ባቡር አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ማግባት አለማግባቱን የሚነግር መተግበሪያ ሠራ። ያንን የዘጉት ባሎች ናቸው። ኤልመር በሁለቱም ጊዜ ያለው አንድ ነገር ነው፦ "ወንድሜ፣ ገበያው ገና አልበሰለም።"

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። አምና ግን ዩኒቨርሲቲያችን ለዲጂታል ኢኮኖሚ ሊያዘጋጀን ቆርጦ ተነሣና፣ "ሥራ ፈጠራ" የተባለውን ኮርስ ያላለፈ ገጣሚም ቢሆን አይመረቅም አለ። ፈተናው በቡድን ድርጅት አቋቁሞ፣ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ በስልክ የሚያዝዙ አሥር እውነተኛ ደንበኞች ማግኘት ነው። ኤልመር ከሰው ሁሉ እኔን መርጦ መጣ። "አንተ ቃል አለህ፣ እኔ ራእይ አለኝ" አለኝ። ራእይ ሲል ዓይኑ የምር ያበራል። እኔ ደግሞ የሚያበራ ነገር ሳይ ልቤ ይከዳኛል፤ ፈረምኩ።

ራእዩ ገበያ መውጣትን ማስቀረት ነበር። ዳገቱ ላይ ከሚቸረችሩት ሴቶች ድንችህን በስልክ ታዝዛለህ፤ ዋጋው ቁርጥ፣ ሚዛኑ ልክ፣ ክርክር የለ። ሠላሳ ዓመት ድንች የሸጡት፣ ቀሚሳቸው እንደ ደወል የተነፋው ዶኛ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ኤውሎጂያ የመጀመሪያዋ አቅራቢያችን ሆኑ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አላዘዘም። እናቴ እንኳ ገጻችንን ከፍታ አየችውና መልሳ ዘጋችው።

"ምነው?" አልኳት።

"ምራቂው የታለ?"

ኤልመር ጉዳዩን ይዞ ወደ ዶኛ ኤውሎጂያ ሄደ። "እማማ፣ ኪሎው ልክ ነው። ምራቂ ምን ያደርጋል?"

ዶኛ ኤውሎጂያ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ አዩት። "የኔ ልጅ፣ ኪሎውንማ ለመንገደኛም እሸጣለሁ። ደንበኛ የሚያደርጋት ምራቂው ነው።"

በማግስቱ ገጹ ላይ "ምራቂ" የሚል አረንጓዴ ቁልፍ በቀለ። ሲጫኑት ሁለት ድንች ይጨምራል።

"ሁሉም ይጫነዋላ" አሉ ዶኛ ኤውሎጂያ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ሳይለምኑኝ? እኔም ሳላኮርፍ? ወዲያ ውሰድልኝ ይሄን ስልክህን።"

ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው ኤልመር ቁልፉን ነቅሎ፣ ደንበኛዋ ድምጿን ቀድታ የምትልክበት ቦታ አበጀ። እኔ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

"እመቤቴ፣ መርቂልኝ እንጂ፣ እንግዳ መጥቶብኛል" ይላል ስልኩ።

"ባለፈው ሳምንት ከዚያች ከቀጣፊዋ ስትገዢ አይቼሻለሁ" ይላሉ ዶኛ ኤውሎጂያ። ከዚያ ድምፃቸው ይለሰልሳል። "እሺ፣ ሁለት ጥቁር ድንች። ለማንም እንዳትነግሪ።"

አራት ዓመት ግጥም ስማር እንዲህ ያለ ስንኝ አልሰማሁም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደንበኞቻችን ሰባት ደረሱ። ሦስት ጎደለን። እኔ ምረቃዬ በዓይኔ ላይ ሄደ፤ ድምፄን አቅጥኜ በሦስት አክስቶቼ ስም ሦስት ትእዛዝ ላክሁ። አንደኛዋንማ ምራቂ ስትለምን አስለቀስኳት።

አርብ ፈታኟ መምህርት ቴራሳስ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው "ስንት ደንበኛ?" አሉ። በጠረጴዛው ሥር የኤልመርን እግር ረገጥኩት።

"ሰባት፣ መምህርት" አለ ኤልመር።

"እዚህ ግን አሥር ይላል።"

"ሦስቱ እሱ ነው" አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። "ለቅሶው ያስታውቅበታል።"

ሰባት አሥር አይደለምና ወደቅን። ምረቃዬ ስድስት ወር ተገፋ። ኤልመርን ደረጃው ላይ ያዝኩት፤ "ዕድሜህን ሙሉ ሚሊዮን ተጠቃሚ ስትል ኖረህ፣ ሦስት አክስት ከበደህ?"

"ሚሊዮኑማ ገና የሚመጣ ነው" አለ፣ አለመረዳቴ ገርሞት። "ሰባቱ ግን መጥተዋል። የመጡትን ሰዎች ከውሸት ጋር እንዴት እደምራቸዋለሁ?"

ንዴቴን የት እንዳደርገው ጠፋኝ። ለካ ይህ ሰው ስለ ነገ እንጂ ስለ ትናንት ዋሽቶ አያውቅም።

ኮርሱን ልደግም ስሄድ፣ የመዝገብ ቤቷ ልጅ የጎበዞቹ ቡድን ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ እንዳለ ነገረችኝ። እኔ ግን ለቡድን ጓደኛነት የኤልመር ቺፓናን ስም ሰጠኋት። ብዕሯን አቁማ ቀና አለች።

"በገዛ ፈቃድህ ነው?"

"ቶሎ ጻፊው" አልኳት፣ "ሌላ ሰው ሳይወስደው።"