አጥር የሌለው ምሳ

አዳማ ውስጥ ቤት ያለው ሰው ቤት አለኝ ብሎ አይኩራ፤ ያለው መናኸሪያ ነው። ከሐረር የመጣ፣ ከአሰላ የወረደ፣ ለጉዳይ አዲስ አበባ የሚወጣ ዘመድ ሁሉ ምሳ ሰዓት ላይ በደጃችን ያልፋል። ያልፋል ስል ተሳሳትኩ፤ ይገባል። እኔ ምን ቸገረኝ? አብሬ እበላለሁ። ባለቤቴ ዘነበች ግን ከተጋባን ጀምሮ ትኩስ ምግብ ተቀምጣ ስትበላ አይቻት አላውቅም። እሷ እስክትቀርብ ወጡ ይቀዘቅዛል።

እናም ማልኩ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ይቺን ሴት አስቀምጬ ትኩስ አበላታለሁ! መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው።

ደግነቱ አንድ በያጅ ወዳጄ በመኪና የምትጎተት ትንሽ ቤት ሠርቶ ነበር። ማየት ነው እሷን! በድሮ ሞዴል የተሠራች፣ እንደ እንቁላል ድቡልቡል ያለች፣ ክሬም ቀለም የተቀባች፣ ወገቧ ላይ አረንጓዴ መቀነት የዞረባት። አልጋ አላት፣ መጋረጃ አላት፣ የምትታጠፍ ጠረጴዛ አለቻት። እጁ ይባረክ! ከሁሉ የበለጠው ደግሞ፣ ከሁለት ሰው በላይ አትይዝም፤ ሦስተኛ ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። ይህን ስሰማ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ተዋስኳትና በአሮጌ መኪናዬ እየጎተትኩ ወደ ሶደሬ። አዋሽ ዳር ግራር ሥር አቆምኳት። ዘነበችን ወንበር ላይ አስቀምጬ ከሰል አያያዝኩ፣ የቆቃ ዓሣዬን አጥቤ ዘይት ውስጥ ለቀቅኩት። ዓሣ የመረጥኩት ያለ ነገር አይደለም፤ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ሳይበርድም ይበላል።

የረሳሁት አንድ ነገር ቢኖር አጥር ነው። ለካስ ሰው የሚያጥረው ሌባ ፈርቶ ብቻ አይደለም! የእኛ አገር ሰው ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን "እንብላ" ሳይል እንዴት ይውጣል? ያንቀዋል እኮ! ዋኝተው የሚመለሱ ሁለት ወጣቶች አለፉ። ዘነበች እንብላ አለች። እነሱም እንደ ወጉ ብሉ፣ ጠግበናል አሉ። እዚህ ላይ ቢበቃ ምን ነበረበት? "በሞቴ!" ብላ ተነሣች። በሞቴ ተብሎ ማን ያልፋል? ነጠላዋን አደግድጋ ጭልፋውን ከእጄ ነጠቀችኝ። መሐላዬ አፈር በላ።

ቀጥሎ ወተት ሸጠው የሚመለሱ አንዲት የኦሮሞ እናት መጡ። አካም ጅርቱ ተባባሉ፣ ተቀመጡ፣ ሰሃን ቀረበላቸው። አሮጊቷ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ቀና ብለው ዘነበችን አዩና፣ አንቺ ቆመሽ እኔ አልበላም አሉ። ልትከራከር ስትል "ታኢ!" ብለው ቀሚሷን ይዘው ቁጭ አደረጓት። ከዘይት የወጣውን ዓሣ እሾሁን ለቅመው፣ አዋዜ አስነክተው አጎረሷት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሟት።

እንባዬ መጣ። እኔ በጎማና በብረት ያልሆነልኝን እኚህ እናት በአንድ ቃል! እድሜ ይስጣቸው። ዘነበቼ ጉንጯ ሞልቶ፣ ግንባሯ ወዝቶ፣ ትኩስ በላች። እንደዚያ አምራ አይቻት አላውቅም።

ይኸኔ ሰው የጫነ ጋሪ በመንገዱ ብቅ አለ። ዘነበች ዋጥ አደረገችና እጇን አውለብልባ "እንብላ! በሞቴ!" አለች። ጋሪው ቆመ። እሷ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ወደ እኔ ዞራ፣

"ምን ቆመህ ታየኛለህ? ዓሣ ጨምር እንጂ፤ እንግዳ መጥቷል!"