የዳታው ዘበኛ

ዘበኛ ሆኖ «እኔ» የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ሁሉም «እኛ» ነው የሚሉት። የጤና ጣቢያ ዘበኛ በር ላይ አስቁሞ ሳልዎን ይሰማና «ለዚህ እንኳ እኛ ሽሮፕ ነው የምንሰጠው» ይላል። የትምህርት ቤት ዘበኛ «ዘንድሮ ብዙ ልጅ አንጥልም» ብሎ ወላጅ ያጽናናል። የፍርድ ቤቱማ ዳኛው ከመግባቱ በፊት ፈርዶ ይጨርሳል። ውስጥ የሚሠራው ሰው ስለ ሥራው አያወራም፤ ጊዜ የለውም። አጥሩን የሚጠብቀው ግን ጊዜም፣ ወንበርም፣ የሚያስቆመው መንገደኛም አለው።

የእኛ የቡራዩዎቹ «እኛ» ክቡር ኦቦ ገርባ ናቸው። ኮረብታው ላይ የቆመውን የሞባይል ታወር ይጠብቃሉ። በወረቀት የተረከቡት አንድ የሽቦ አጥር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ካፖርትና አንድ የቆርቆሮ ቤት ነው። በራሳቸው ግምት ግን ከአስኮ እስከ መናገሻ ያለው ኔትወርክ ሙሉ በሙሉ በእሳቸው ትከሻ ላይ ነው ያለው። ታወሩ የቆመበት ቦታ ድሮ የገብስ ማሳቸው ነበር። ማስተር ፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን ሊውጥ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ስለ መሬቱ ሲጨነቅ፣ ኦቦ ገርባ አስቀድሞ የሄደባቸውን መሬት በደሞዝ ይጠብቁ ነበር። «እኔ ቀድሜያችኋለሁ» ይላሉ። ቀልድ ይሁን ምሬት ከፊታቸው መለየት አይቻልም። «እኔ» ሲሉ የሰማኋቸውም በዚህ ጉዳይ ብቻ ነው።

ትምህርታቸውን ያገኙት ከቴክኒሻኖች ነው። ቴክኒሻኖቹ ጄኔሬተር ሲፈቱ ኦቦ ገርባ መፍቻ እያቀበሉ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠየቁ። የተነገራቸውን ያዙ። ያልተነገራቸውን ጨመሩበት።

መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን «አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ? ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ነበር ያልኳቸው። እሳቸው ስለ ዳታ መለሱልኝ።

«ስልክ ስትደውል ኮንትራት ታክሲ ያዝክ ማለት ነው» አሉኝ። «ከዚህ እስከዚያ መስመሩ ያንተ ብቻ ነው። አፍህን ዘግተህ ብትቀመጥም ታክሲው ይሄዳል። ዳታ ግን ሚኒባስ ነው። ፎቶ ልትልክ ነው እንበል። ፎቶው አንድ ላይ አይሄድም፤ ይበጣጠሳል። እያንዳንዷ ቁራጭ ፓኬት ትባላለች። ግንባሯ ላይ የምትሄድበት አድራሻና ተራ ቁጥሯ ይጻፍባታል። ከዚያ ክፍት ወንበር ያገኘችበት ትገባለች። አንዷ በአስኮ ትሄዳለች፣ አንዷ በአለም ባንክ ትዞራለች። እዚያ ሲደርሱ በቁጥራቸው ይሰለፉና ፎቶው ይገጠማል።»

«አንዷ መንገድ ላይ ብትቀርስ?»

«ተቀባዩ ‹አራት ቁጥር አልደረሰችም› ብሎ ይልካል። እኛም ደግመን እናሳፍራታለን።»

ስልኬ ጥግ ላይ የምትታየው ፊደልም ተተረጎመችልኝ። «ኢ» ካየሁ ዳታዬን የጫነው አህያ ነው፤ «ኤች» ካየሁ አይሱዙ።

ከማብራሪያው በኋላ የተግባር ትምህርት አለ። አንድ ቀን በእጄ ከያዝኩት የወንጀል ልብ ወለድ የመጨረሻዋን ቅጠል ገነጠሉ። እኔ አፌን ከፍቼ ሳለሁ ስምንት ቦታ ቀደዷት፤ ቁጥር ጻፉባት፤ ለስምንት ሰው አደሏት። እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ እህል ወፍጮው ጋ እንዲያደርስ አዘዙ። ሰባቱ ደረሱ። አምስት ቁጥርን የያዘው ሞቱማ የሚባለው የሚኒባስ ረዳት ነበር። እሱ መንገድ ላይ ጆተኒ ሲጫወቱ አይቶ ሊጫወት ቆመ። ኦቦ ገርባ «አምስት ቁጥር አልደረሰችም!» ብለው ሦስት ጊዜ ሰው ላኩ። ሞቱማ ሲመጣ ወረቀቷ የለችም፤ ጎል የገባበት ቀን ስለነበር በንዴት ጥሏታል።

«ምንም አይደል፣ ይደገም» አሉ ኦቦ ገርባ። መጽሐፉ አንድ ቅጂ ብቻ መሆኑን ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ። ገዳዩ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንዲህ እያልን ስንኖር፣ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ዳታ ጠፋ። መንገዱም አብሮ ተዘጋ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፤ ጎማ ነደደ፤ ሚኒባሶቹ በየግቢያቸው ቆሙ። ድምፅ ይሠራል፤ ሰው እየደወለ «ሰላም ናችሁ?» ይባባላል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

«እኛ» ማለት ጣጣ የሚያመጣበት ቀን የዚያን ጊዜ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሰው ስልኩን እንደያዘ ኮረብታውን ወጣ። ከፊት ሞቱማ ነበር፤ ሚኒባሱ ስለቆመ ሥራ የለውም።

«ኦቦ ገርባ፣ እናንተ ስትዘጉ ሕዝብ አታማክሩም?»

«እኛ አልዘጋንም።»

«ተው እንጂ! ‹እኛ ጨመርነው፣ እኛ ቀነስነው› ስትሉን ስምንት ዓመት። ሲዘጋ ጊዜ የሌላ ሰው ሆነ?»

ሕዝቡ ሳቀ። ኦቦ ገርባ አልሳቁም። ኮንትራቱና ሚኒባሱ የሚወጡበት በር የተለያየ መሆኑን፣ ታወሩ አለመታመሙን፣ ከየታወሩ የተሰበሰበ ዳታ ወደ ዓለም ከመውጣቱ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የሚያልፍበት አንድ ትልቅ በር እንዳለ፣ የተዘጋውም እሱ መሆኑን አስረዱ። ቴክኒሻኖቹን ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ እውነታቸውን ነበር።

«የዚያ በር ዘበኛ ማነው ታዲያ?» አለ ሞቱማ።

ኦቦ ገርባ «አላውቅም» ቢሉ ኖሮ የዚያን ቀን ይገላገሉ ነበር። ግን አርባ የሚሆን ሰው ፊታቸው ቆሞ ያያቸዋል። ካፖርታቸውን አስተካከሉ።

«እየሠራንበት ነው» አሉ።

ሰው እያጉረመረመ ወረደ። በማግስቱም ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀን ማብሪያ ማጥፊያው በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ነው የሚል ወሬ ነበር። አንዲት ሴት በሳፋ እንቁላል አመጣች። «እናቴ፣ ዳታ በእንቁላል አይከፈትም» አሏት። «ግን አስቀምጪው፤ ቴክኒሻኖቹ ሲመጡ ይበሉታል።» ቴክኒሻኖቹ አልመጡም። እንቁላሉ ግን አለቀ።

የተከራየሁት ክፍል ባለቤት አዴ ተረፈች ይባላሉ። አንድ ልጃቸው ላሊሴ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። በየእሁዱ ፎቶዋን ትልክላቸው ነበር፤ ምሳ ስትበላ፣ ፀጉሯን ስትሠራ፣ አንዳንዴ ዝም ብላ ቆማ። ሁለት እሁድ ምንም ሳይመጣ አለፈ። በዚህ መሃል እነላሊሴ የሚኖሩበት ሰፈር እሳት ተነስቷል፣ ድንጋይ ተወርውሯል የሚል ወሬ ደረሰ። ደወሉላት፤ ደህና ነኝ አለች።

«ሦስት ጊዜ ነው ‹ደህና ነኝ› ያለችኝ» አሉኝ አዴ ተረፈች። «ደህና የሆነ ሰው አንዴ ነው የሚለው።»

ምንም ብላቸው አልሰማ አሉ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ እንኳን ሰበታ ገበያም አይደርሱም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ወጣት ወንድ ብቻውን መንገድ ላይ ከታየ «ወዴት ነው?» የሚለው ከወታደሩም፣ መንገድ ከዘጋውም ወገን አይጠፋም። ሰበታ ላለመሄዴ ሰበቤ ይህ ነው፤ ደረቴን ነፍቼ አይደለም የምናገረው። ማድረግ የቻልኩት ትከሻዬን አስደግፌ እስከ ኮረብታው ማውጣት ብቻ ነበር።

«ኦቦ ገርባ» አሉ አዴ ተረፈች፣ ትንፋሻቸው እንኳ ሳይመለስ። «ልጄን ያሳዩኝ።»

ኦቦ ገርባ ወንበራቸውን ለቀቁላቸውና ጀመሩ። «አዴ ተረፈች፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ላሊሴ ፎቶውን ብትልክም ፎቶው ይበጣጠሳል። ቁርጥራጮቹ በሩ ላይ ሲደርሱ...»

«ቁርጥራጭ አልፈለግሁም። ሙሉዋን ነው የምፈልገው። ቆማ። እጇም እግሯም እንዳለ ሆኖ።»

ኦቦ ገርባ ቀና ብለው ታወሩን አዩት፤ ቀጥለው በስተደቡብ ያለውን የወጨጫን ተራራ አዩ። «እየሠራንበት ነው» እስኪሉ ጠበቅሁ።

«ፎቶው ይመጣል» አሉ። «ከነገ ወዲያ።»

ደሜ ፈላ። አዴ ተረፈችን ቤት አድርሼ ተመለስኩ። «ለእናት እንዲህ ያለ ቀን ይሰጣል? ከነገ ወዲያ ምን ሊሏቸው ነው?» አልኳቸው።

«ነገ ታወሩን ትጠብቅልኛለህ?»

«እርስዎስ?»

«ጉዳይ አለኝ።» ቁልፉንና ካፖርቱን ሰጡኝ። ቀጠሮው ሳይደርስ ሊሸሹ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ መጽሐፍ ይዤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ እንኳ አልገፋሁም።

«አዲሱ ኃላፊ!» አለ ሞቱማ ገና ከሩቅ። «ካፖርቱ ልክህ ነው። ዳታውን መቼ ነው የምትለቁት?»

እውነቱን ልነግረው ነበር፤ ዘበኛ እንኳ እንዳልሆንኩ፣ የዘበኛ ተተኪ እንደሆንኩ። ከኋላው ግን የማላውቃቸው ሽማግሌ ቆመዋል። ስልካቸውን ጫጩት እንደያዘ ሰው በሁለት እጃቸው አቅፈው አፌን ያያሉ።

«እየሠራንበት ነው፣ አባቴ» አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በርቱ» ብለው ወረዱ።

ከእሳቸው በኋላ ብዙ ሰው መጣ፤ ሁሉም እንዲሁ አለኝ፣ እንዲሁ አልኩት። በዚያ ሰሞን ማንም ለማንም ስለ ምንም መልስ አይሰጥም ነበር። ቀበሌው ተቆልፏል፤ ሬዲዮው ዘፈን ያሰማል። የሚጠየቅ፣ የሚሰደብ፣ እንቁላል የሚወሰድለት ሰው ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነበር። ስስቅበት የኖርኩት «እኛ» ለካ ሰው ሁሉ ጭንቀቱን ይዞ የሚመጣበት በር ኖሯል። እኔ በአንድ ቀን ወገቤ ተቆረጠ።

በቀጠሮው ቀን ረፋድ ላይ ኦቦ ገርባ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ አሉ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው፤ በየቦታው የሣር ፍሬ ተጣብቆበታል። የአንድ ጫማቸው ሶል አፉን ከፍቷል።

«ና እንውረድ። ፎቶው ገብቷል።»

«በየት በኩል?»

«በኔትወርክ ነዋ!» ብለው ተቆጡኝ።

ሞቱማን ለታወሩ ሾመን ወረድን። አዴ ተረፈች ከጠዋት ጀምረው ግቢው ውስጥ ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ኦቦ ገርባ የራሳቸውን ትንሽ ቴክኖ ስልክ ከደረት ኪሳቸው አወጡና ከፍተው ሰጧቸው።

ላሊሴ አንድ የግንብ አጥር ተደግፋ ቆማለች፤ ከራሷ እስከ ጫማዋ ሙሉዋ ትታያለች። ትስቃለች። ቀኝ እጇ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፊት ተዘርግቷል። የሰማዩን ሲሶ ደግሞ አንድ ወፍራም የገበሬ አውራ ጣት ሸፍኖታል።

አዴ ተረፈች ረጅም ጊዜ አዩ።

«እጇን ተጎድታለች» አሉ በመጨረሻ። «አልነገረችኝም።»

«መስታወት ነው የቆረጣት» አሉ ኦቦ ገርባ። «አይስጉ፣ ጣቶቿ ሁሉም ይሠራሉ። እጄን አጥብቃ ጨብጣ...» ቆም አሉ። «ማለቴ፣ ቴክኒሻኖቹ እንደነገሩን።»

መንገድ ተከፍቶ ላሊሴ ስትመጣ ቀሪውን ነገረችኝ። ኦቦ ገርባ በወጨጫ ግርጌ ዞረው ሰበታ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። መንገድ ላይ ከማያውቁት ሰው ቤት አደሩ። በየፋብሪካው በር እየቆሙ ከየዘበኛው ጋር «እኛ» እየተባባሉ አገኟት። ፎቶ ሲያነሷት እጇን ከጀርባዋ ልትደብቅ ፈልጋ ነበር፤ እናቴ ትደነግጣለች ብላ። አልፈቀዱላትም። «አንዲት ፓኬት ከጎደለች ፎቶ አይባልም፤ እናትሽ ያዘዙት ሙሉዋን ነው» አሏት።

የዚያን ዕለት ግን አዴ ተረፈች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ስልኩን ሳይመልሱ የኦቦ ገርባን ሱሪ አዩ፤ ወደ ጫማቸው ወረዱ፤ ስክሪኑ ላይ ወዳለው አውራ ጣት ተመለሱ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ በአንድ እጃቸው ሳፋ፣ በሌላው የሞቀ ውሃ ይዘዋል። ሳፋውን ከኦቦ ገርባ እግር ሥር አስቀመጡት።

«ምነው፣ አዴ ተረፈች?»

«ይቀመጡ» አሉ። «ከሰበታ ድረስ የመጣ ዳታ እግሩን ይታጠባል።»

ኦቦ ገርባ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ዘጉትና ተቀምጠው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ።