ከባቱ እስከ አዳማ ስንት ኬላ አለ?

መቁጠር እወዳለሁ፤ አልደብቃችሁም። የቤቴን ደረጃ፣ የግቢዬን ዛፍ፣ ሰባኪያችን በአንድ ስብከት ስንት ጊዜ "በመጨረሻም" እንደሚል ሳይቀር ቆጥሬያለሁ። ምን ላድርግ? ባቱ ላይ በአንዲት የፈረስ ጋሪ ሥራ ስጀምር፣ የጫንኩትን ካልቆጠርኩ ሳራግፍ ይጎድል ነበር። ዛሬ በጋሪዋ ምትክ የጭነት መኪና አለኝ፤ አመሌ ግን ያው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከባቱ እስከ አዳማ ያለውን ኬላ ቆጥሮ ይሳሳታል ብላችሁ ታስባላችሁ? ተሳሳትኩ።

ነገሩ የመጣው በሾፌሬ በሁሴን ነው። ሁሴን የወሎ ሰው ነው፤ አዳማ ላይ አግብቶ ወልዷል። የእኔን መኪና መንዳት ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮኝ አያውቅም። ባለፈው ባቱ ላይ ቲማቲም አስጭነን ስናበቃ፣ ሸራውን በገመድ እያሰረ፣ "ጋሼ፣ አዳማ ስንገናኝ ቁልፉን ይረከቡኝ፤ በቃኝ" አለኝ። ደነገጥኩ። እንደሱ ያለ ሾፌር ከየት አመጣለሁ?

ምን ሆንክ ብዬ ስጠይቀው፣ ፍተሻው አንገሸገሸኝ አለ። የትኛው ኬላ ነው፣ ንገረኝና ሄጄ አለቃቸውን አነጋግራለሁ አልኩት።

"ሰባት ናቸው ጋሼ። የቱን ከየቱ ልምረጥልዎ?"

"ስድስት ነው።"

"ሰባት ነው። አብረውኝ ይሂዱና ራስዎ ይዩ።"

በቁጥር ተከራክሮኝ የረታኝ ሰው የለም። ጋቢና ገባሁ።

የመጀመሪያው ኬላ ላይ ወረቀት አይተው አሳለፉን። ሁለተኛውም ያንኑ ወረቀት አየ። ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ወጣት ፈታሽ ሸራውን ፈትቶ ላዩ ላይ ወጣ። ሁሴን ወርዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። "አካም ጅርታ ወንድሜ፣ ምን ልርዳህ? የምትፈልገውን ብትነግረኝ ያለበትን አሳይሃለሁ" አለው። ልጁ ከታች ምን እንዳለ ጠየቀ።

"ቲማቲም።"

"ከሱ በታችስ?"

"ቲማቲም። ከሱ በታች የመኪናው ወለል ነው፤ ከወለሉ በታች አስፋልት።"

ልጁ አልሳቀም። አሥራ አራት ሳጥን ከመሀል አውርዶ ፀሐይ ላይ ደረደረ፤ ቆጥሬያለሁ። ምንም ሲያጣ፣ "በል ጫን" ብሎት ሊሄድ ሲል ሁሴን ረጋ ብሎ አቆመው። መፈተሽ ሥራህ ነው፣ አልከለከልኩህም፤ እኔም ባለሁበት ፈትሸሃል፣ ደግ አደረግህ፤ ግን ያወረድከውን መልስ፣ የፈታኸውን እሰር አለው። "ቲማቲሙ ቢፈርጥ ሁሴን ሲነዳ አፈረጠው ነው የሚባለው" ብሎ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መንገዱ አየሁ። ብዬው አውቃለሁ፤ አራት ጊዜ።

አለቃቸው ጥላ ስር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ሰውየው ልክ ነው፣ መልስለት አሉት። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ መለሰ፤ ገመዱን ግን እንደ ጫማ ማሰሪያ ነው ያሰረው። ሁሴን እንደገና እያሰረ፣ ቋጠሮ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ማን እንደፈታው ቋጠሮውን አይቼ አውቃለሁ አለኝ። እኔም በሾፌሬ ኮራሁ፤ መብቱን የሚያውቅ ሰው ማለት ይሄ ነው አልኩ በሆዴ።

አራተኛው ወረቀት አየ። አምስተኛው በረጅም ብረት ሳጥኖቹን ወጋ ወጋ አደረገ። ስድስተኛው ሰላም ብሎ አሳለፈን። አዳማ ገብተን ግቢዬ በር ላይ ስንደርስ፣ "ስድስት!" አልኩት።

ሁሴን ግን ወደ ግቢ አልገባም። በሩ ላይ ሞተር አጠፋ፣ ወረደ፣ የጋቢናውን ሁለት በር ወለል አድርጎ ከፈተ። ከዚያ ሦስተኛው ኬላ ላይ እንደቆመው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

"ሰባተኛው" አለ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከመቀመጫው ኋላ ትንሽ የእንጨት ሳጥኑን አወጣና የታሰረችበትን ገመድ አሳየኝ። "ይቺን ቋጠሮ ያውቋታል?" አለኝ። እንዴት አላውቃት? በጋሪው ዘመን የተማርኳት ናት፤ አዳማ ላይ ከእኔ ሌላ የሚቋጥራት የለም። ሁሴንም፣ ዙሁር ልሰግድ ስሄድ በራሴ ቋጠሮ አስሬ እሄዳለሁ፣ ስመለስ የእርስዎን አገኛለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው አለ።

"መኪናው እኮ የእኔ ነው" አልኩ።

"መኪናው የእርስዎ ነው። ሳጥኗ የእኔ ናት። ያ ልጅ እንኳ ፊት ለፊቴ ነው የፈተሸኝ።"

ምን ስፈልግ እንደኖርኩ ልንገራችሁ? መጀመሪያ የጠፋ የመኪና ማንሻ ክሪክ ነበር። ክሪኩ በወሩ ከራሴ መጋዘን ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም። በሳጥኗ ውስጥ ያለውን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ መስገጃ፣ መፋቂያ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ መርፌና ክር፣ ፎቶ። የሁሴን ልጆች ሦስት መሆናቸውን ያወቅሁት ጠይቄው አይደለም፤ ከፎቶው ላይ ቆጥሬ ነው።

ቁልፉን ዘረጋልኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ቆየህ?"

"ከሰባቱ አጥብቆ መልሶ የሚያስረው እርስዎ ብቻ ነዎት" አለ። ይቀልድ ይሁን ያምርር አልለየሁም።

ከዛሬ ጀምሮ ሳጥንህን አልነካም፣ የመኪናውን ዕቃ የማየው አንተ ቆመህ ነው፣ የምፈልገውንም አስቀድሜ እናገራለሁ አልኩት። ከዚያ "እናያለን" ብሎ ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነን። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ መኪናው ሲገባ እጄን ወደ ኋላ የማጣምረው አሁን እኔ ነኝ። ሰሞኑን ታዲያ ደፈር ብዬ አሁንስ ስንት ኬላ አለ አልኩት።

"ስድስት ተኩል።"

"ግማሹ ደግሞ ከየት መጣ?"

"እጅዎ ተሰብስቧል ጋሼ፤ ዓይንዎ ግን ገና ይፈትሻል።"

ልከራከረው አፌን ከፈትኩ። ግን እሱ ይህን ሲናገር፣ የሳጥኗ ገመድ ስንት ጊዜ እንደተጠመጠመ ቆጥሬ ጨርሼ ነበር። አምስት ጊዜ።