ጠበል ነው ተብሎ የታማው የጓሮዬ ጉድጓድ

ሰው የራሱ ውሃ ሲኖረው ጠባዩ ይለወጣል። እስቲ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በግቢው ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ተመልከቱ፤ አረማመዱ ሳይቀር የባለርስት ነው። ቧንቧ መጣች፣ ሄደች እያለ ጀሪካን ይዞ የሚሯሯጠውን ጎረቤቱን በሐዘኔታ ያየዋል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባል የለ? እኔ ዓባይንም አይቻለሁ፤ ግን ዓባይ ግቢዬ አይገባም። ስለዚህ ጉድጓዴን አመሰገንሁ።

ቆፋሪዎቹ ውሃ አገኘን ብለው ከሥር ሲጮኹ እኔም ከላይ አብሬ ጮኽሁ። ባለቤቴ ግን ቀዝቀዝ ብላ፣ መጀመሪያ ይመርመር አለች። ምርመራ? እኛ አገር አዲስ ነገር መጀመሪያ ይባረካል። ቤት ይባረካል፤ ባጃጅ እንኳ ይባረካል። የንስሐ አባታችንን ጠራሁ፤ ጸሎት አድርሰው፣ በመስቀላቸው ባርከው፣ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። ምርመራው ይደርሳል ብዬ ተውሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ቢጤው ነው።

ከደምበጫ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ እማማ የሺ፣ ጉድጓዱ መባረኩን ሲሰሙ በባዶ ሆዳቸው ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው ተላወሰና ወደ ሽንት ቤት ሲመላለሱ ዋሉ። እኔ ደነገጥሁ፤ የእሳቸው ፊት ግን በራ። ለልጃቸው፣ ጠበል እንዲህ ነው፣ የውስጥን ክፉ ጠርጎ ያወጣል አሏት። በማግሥቱ ደግመው ጠጡ፤ ደግሞ ጠረጋቸው። ወሬውን የሰሙ ጎረቤቶች ጀሪካን ይዘው መጡ፤ እነሱንም ጠረጋቸው። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወሬው ደርሷት ስትመጣ ግን ጉድጓዱን ትታ ሽንት ቤቱን አየች። ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ጉብ ብሏል። የላይኛው ወደ ታችኛው ይሰርጋል አለችኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ሽንት ቤቱን ዝጉ፣ ሌላ ከታች ቆፍሩ፣ ጉድጓዱ ክሎሪን ይጨመርበት፣ እስከዚያ ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ አለች። ሽንት ቤቱን ወዲያው አስዘጋሁ። እማማ የሺ ግን ክሎሪን ማለት የበረኪና ዘመድ መሆኑን ሲሰሙ ሄደው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጡ። አማት ናቸውና ከእኔ ጋር ፊት ለፊት አይከራከሩም፤ በልጃቸው በኩል ነው። ባልሽን ንገሪው፣ ጠበል ላይ በረኪና ከማፍሰሱ በፊት እኔን ይቅበር አሉ።

ሳቁን ተዉትና፣ ሴትዮዋ በእውነት እየመነመኑ ነበር። ዓይናቸው ጎደጎደ፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ አልቆም አለ። አፍልተን ብንሰጣቸው፣ የተፈላ ጠበል የት ታይቷል ብለው ይመልሱታል። ጤና ጣቢያ እንውሰድዎ ስንላቸው፣ እየዳንሁ ለምን ይሉናል። ባለቤቴ ማድ ቤት ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት። ያን ጊዜ ፈራሁ። እናቷን በገዛ ጉድጓዴ ልገድልባት ነው።

ወደ ንስሐ አባታችን ሮጥሁ። ነገሩን ሁሉ ሰሙና፣ አንተ፣ እኔ የባረክሁት ጉድጓድህን ነው ወይስ ሽንት ቤትህን? አሉኝ። መጥተውም እማማ የሺን ከጉድጓዱ አፍ አስነሱ። ይህ የተባረከ የመጠጥ ውሃ ነው እንጂ ጠበል አይደለም፣ ለመድኃኒት ቀማሚውም ጥበብ የሰጠ እግዚአብሔር ነው ብለው ገሠጿቸው። ባለሙያዋ ክሎሪኑን በባልዲ በጥብጣ ስትጨምር፣ እሳቸው አጠገቧ ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። እማማ የሺም የቄስ ቃል ነውና ጤና ጣቢያ ሄደው ክኒናቸውን ዋጡ፤ የፈላውንም ጠጡ።

ሳምንት ሳይሞላ ሆዳቸው ተጠገነ፤ ፊታቸውም ወዛ። ባለቤቴ ሳቀች፤ እኔም ተመስገን አልሁ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ እማማ የሺ ደምበጫ ተመልሰው፣ ያ ሁሉ የሆድ በሽታ የለቀቀኝ በአማቼ ጠበል ነው እያሉ ለአገሩ ያወራሉ። ክኒኑን ረስተውታል። ምልክቱም ሽታው ነው፣ ኃይል ያለው ጠበል በረኪና በረኪና ይላል አሉ። አሁን ብቅ ባሉ ቁጥር ከጉድጓዱ ቀድተው ያሸታሉ። ሽታው ከቀነሰባቸው ለልጃቸው፣ ባልሽ ምን ኃጢአት ሠርቶ ነው ጠበሉ የራቀን? ንስሐ ይግባ እንጂ! ይሏታል። እኔም ባለሙያዋ ባሳየችኝ ልክ ንስሐዬን በባልዲ በጥብጬ እጨምራለሁ።