የጋሽ ኢዘዲን ዓይን እና የካሚል ፀጉር

የተንሻፈፈ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። ግድግዳችሁ ላይ የሰቀላችሁት ፎቶ ትንሽ ዘንበል ካለ፣ ሰላምታውን በወጉ ሳይጨርስ ተነስቶ ያቃናዋል። ቤታችሁ ሲገባ የምንጣፋችሁን ጫፍ በእግሩ ይመልሳል፤ ሲወጣ ደግሞ ደጃፍ ላይ የተዝረከረኩትን ጫማዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደረድራል። ማንም አልሾመውም፣ ስለዚህ ማንም አይሽረውም። ሀርጌሳ ውስጥ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ ይህን ከባድ ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ኢዘዲን ናቸው።

ጋሽ ኢዘዲን የድሬ ልጅ ናቸው፤ ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሱቃቸው በር ላይ ይቆሙና መንገዱን ከላይ እስከ ታች ይገመግማሉ። «ይሄ ነገር ተንሻፏል!» ካሉ አበቃ። ተንሻፈፈ የተባለው ባጃጅም ይሁን የሱቅ ታፔላ፣ ባለቤቱ ፈጥኖ ቢያቃናው ይሻለዋል። አንዱ የባጃጅ ሹፌር «አጎቴ፣ የቆምኩት እኮ ለአንድ ደቂቃ ነው» ቢላቸው፣ «አቦ፣ ለአንድ ደቂቃስ ቢሆን ለምን ተጣመህ ትቆማለህ?» ብለው ባጃጁን እስኪያስተካክል ፊቱ ተገትረው ጠበቁት። ደቂቃዋ ያለቀችው በዚህ ነው።

መስጊድ ውስጥማ አይጣል ነው። ኢማሙ «ሰፋችሁን፣ ረድፋችሁን አስተካክሉ» ሲሉ ሌላው ሰው ለሁሉም የተባለ ይመስለዋል። ጋሽ ኢዘዲን ግን በስም የተጠሩ ያህል ይነሳሉ። አንዱን ወደፊት ገፋ፣ ሌላውን ወደኋላ ሳብ አድርገው፣ ተረከዝ ከተረከዝ ሳያገጣጥሙ ሰላት አይገቡም። ኢማሙም ለምደው በጎን ዓይናቸው አይተው ነው የሚጀምሩት ይባላል።

የአዴር ጌዲን ዲሽ ታሪክ ያልሰማ የሰፈር ሰው የለም። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ አዴር ጌዲ ደግሞ የጋሽ ኢዘዲን የግድግዳ ጎረቤት፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ጅግጅጋ ኖረው አማርኛ የሚሰሙ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ኢዘዲን የአዴር ጌዲ ዲሽ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉን አዩና ሆዳቸው አልቻለም። መሰላል አስደግፈው ጣሪያ ላይ ወጥተው ቀጥ አደረጉት። ታች ኳስ ሊያይ የተሰበሰበው ወጣት ባዶ ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቀረ። አዴር ጌዲ ወጥተው ቢጮሁባቸው፣ ጋሽ ኢዘዲን ከላይ ሆነው «ኳሱ የትም አይሄድም፤ እስቲ ራቅ በልና እየው፣ እንዴት እንዳማረበት!» አሏቸው።

እንዲህ ላለ ሰው አላህ የላከለት ፈተና ካሚል ነበር።

ካሚል የጅማ ልጅ ነው። ከጋሽ ኢዘዲን ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ጭማቂ ቤት ውስጥ ይሠራል። ፀጉሩን ማሳደግ ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ፀጉሩ ደግሞ አያድግም አይባልም፣ ለም ነው፤ ችግሩ አነሳሱ ላይ ነበር። ማሳደግ የጀመረው ግራና ቀኙን በማሽን ተላጭቶ አናቱ ላይ ብቻ ጎፈር ባለበት ሰሞን ስለነበር፣ አናቱ ቀድሞ ወረደ፣ ጎኖቹ ዘግይተው ተነሱ፣ ማጅራቱ ደግሞ ማንንም ሳያማክር ሸሚዙ ውስጥ ገባ። በሦስት ወለል የተሠራ ፀጉር ሆነ። ደንበኞቹ አይተው ዝም አላሉም። «ከላይ ማንጎ፣ መሐል አቮካዶ፣ ከታች ፓፓያ» እያሉ ስሙን ስፕሪስ አወጡለት።

ካሚል ይስቃል እንጂ አይናደድም። ኩራቱ ስም በማውጣት የሚነቀነቅ ዓይነት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ፀጉሩን በኮፍያ ሸፍኖ ፍራፍሬ ሲፈጭ ይውላል፤ ከዐስር ሰላት በኋላ ኮፍያውን ያወልቅና መንገዱ መሐል ራሱን አንዴ ነቅነቅ ያደርገዋል። የጋሽ ኢዘዲን የደም ግፊት የሚነሳውም በዚያች ሰዓት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ያ ነገር ተንሻፏል!»

«ገና እያደገ ነው፣ ጋሼ።»

«ሲያድግ ተንሻፎ ነው እንዴ የሚያድገው?»

«ነቢያችንም ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ፀጉራቸው ትከሻቸው ይደርስ ነበር።»

«የሳቸውማ የተስተካከለ ነበር!» ይሉና በንዴት ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰፉት ስፌት ከወትሮው የቀና ይወጣል ይላሉ ደንበኞቻቸው።

ዓመት ከመንፈቅ ይህን ጉዳይ ሲፈጩ ከኖሩ በኋላ ካሚል ተሸነፈና መሐል ከተማ ካለ ፀጉር ቤት ገባ። «እንዳታሳጥርብኝ። ወጣ ገባውን ብቻ ነው» አለው ፀጉር አስተካካዩን። «ትንሽ ብቻ ነው የምነካው» አለ ሰውየው። ይህን ቃል ከፀጉር አስተካካይ አፍ ሰምቶ የማያውቅ ወንድ የለም፤ ያመነውም ሁሉ ተጸጽቷል። ሰውየው ፀጉሩን በውኃ አረጠበው፣ በማበጠሪያ ጎትቶ አወረደው፣ ግራና ቀኙን እኩል ቆረጠው። በመስታወት ሲታይ እኩል ነበር። ካሚል ደስ ብሎት ከፍሎ ወጣ።

ሰፈር ሳይደርስ ፀጉሩ ደረቀ። የካሚል ግራ ጎን ከቀኙ ይበልጥ የሚጠቀለል ኖሮ፣ ተሰብስቦ ጆሮው ላይ ወጣ። ሦስቱ ወለል አራት ሆነ ማለት ነው። ጋሽ ኢዘዲን ከሩቅ አይተውት ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮሁም፤ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ማነው አርጥቦ የቆረጠህ?» አሉት ሲደርስ። «ጥጥ እንኳ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የሚሰበሰበውን ያህል ተሰብስቦ ነው መቀስ የሚያርፍበት! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። አንተ ደግሞ ምን ትለቅማለህ? የተቆረጠ ፀጉር አይለቀም።»

ነገሩ እስከዚህ ድረስ የሳቅ ነበር። ሳቁ የቆመው የሱዓድ ጉዳይ የመጣ ጊዜ ነው። ሱዓድ ጭማቂ ቤቱ አጠገብ ያለው ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ከካሚል ጋር ተግባብተው፣ ጉዳዩ ለወግ ደርሷል። አባቷ አቶ ሳኪሪያ የሀርጌሳ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው እንደ ውኃ ይወርዳል። ካሚል ከየት እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ሰላቱን ይሰግድ እንደሆነ አስጠይቀው ጨርሰዋል። ከዚያ እንዲህ ሲሉ ላኩ፤ «ሽማግሌዎቹ ዓርብ ይምጡ። ልጁንም ይዘውት ይምጡ። ፀጉር አለው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በዓይኔ ልየው።»

የካሚል አባት በልጅነቱ ሞተዋል። እናቱ ጅማ ናቸው፤ በስልክ መርቀውታል፣ መምጣት ግን አልቻሉም። ሀርጌሳ ውስጥ ሽማግሌ ሆኖ የሰው በር የሚያንኳኳለት ሰው ሲያስብ ከጋሽ ኢዘዲን ሌላ አልመጣለትም። ሄዶ ሱቃቸው ውስጥ እንደ ተማሪ ቆመ። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይሄን ራስ ይዤ የሰው ቤት አልገባም» አሉ።

ካሚል ይህን ጠብቆት ነበር። የጠበቁት ነገር ግን ሲመጣ አያምም ማለት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሳቁበትን፣ የመከሩትን፣ የሰደቡትን ሁሉ ችሎ ያቆየውን ፀጉር በእጁ ዳበስ አደረገው።

«እሺ ጋሼ። እላጨዋለሁ» አለ። «ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። ሱዓድን ግን ሁለተኛ አላገኛትም።»

ጋሽ ኢዘዲን የያዙትን ጨርቅ ወረወሩት። «አቦ፣ ማን ተላጭ አለህ? ሁለት ዓመት ሙሉ አስተካክል ስልህ አንድም ቀን ላጨው ብዬህ አውቃለሁ? ሂድ ታጠበው። ቅባት እንዳታስነካው። እንደፈለገ ይድረቅ። ሐሙስ ከዐስር በኋላ እዚህ እንድትገኝ!»

ሐሙስ ዕለት ካሚልን ጀርባውን ለትልቁ መስታወት ሰጥተው በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ትከሻው ላይ ነጭ ጨርቅ አለበሱት። ከዚያ ከመሳቢያቸው ትልቁን መቀስ አወጡ። የሰፈሩ ሰው ያን መቀስ ያውቀዋል። በሱ ወረቀት እንኳ መቁረጥ አይቻልም፤ ሚስታቸው አንዴ የሳሙና ከረጢት ብትቀድበት ሳምንት ሙሉ አኩርፈዋታል። ካሚል መቀሱን ሲያይ በርጩማው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌው ይህን ያህል አክብረውታል ማለት ነው።

ነጭ ክር ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው በማጅራቱ በኩል ወጥረው ጨርቁ ላይ በስፒል ያዙት። ስፒሎቹን ከንፈራቸው ላይ ነክሰው ሲሠሩ ቆዩ። ፀጉሩን አላረጠቡትም፣ አልጎተቱትም። በራሱ ፈቃድ የወደቀውን እያዩ፣ ከክሩ ያለፈውን ብቻ ከማጅራቱ ቆረጡ። የአናቱን ጫፍ ከጎኖቹ ጋር እንዲዋሃድ ጥቂት ቀነሱለት። አንዴ ቆርጠው ሁለቴ ይርቃሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፣ «ተነስ፣ ወዲያ ወዲህ በል» ይሉታል። ካሚል ሱቁ ውስጥ ራሱን እየነቀነቀ ይንጎራደዳል፤ ይቀመጣል። ሲጨርሱ መቀሱን ጠርገው ወደ መሳቢያው መለሱ።

ካሚል ዞሮ መስታወቱን አየ። ያማረ ነገር ነበር። ሦስቱ ወለል አንድ ቤት ሆኗል። እጁን ወደ ግራ ጆሮው ሲያደርስ ግን ደጋግሞ ዳበሰው። ያቺ የተሰበሰበችው ጎን አሁንም ከቀኙ ሁለት ጣት ታጥራለች።

«ጋሼ፣ ግራው…»

«ዝም በል፤ ጨርሻለሁ።»

መንገድ ማዶ የዘመመ ታፔላ የሚያይ ሰው ይህን እንዴት ሳያይ ቀረ? ለካሚል የመጣለት ሐሳብ አንድ ነው። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ ለማንም አልተናገሩም። አዘነላቸው። ስለ ራሱ ደግሞ ፈራ። ግን መቀሱን አስቦ አመስግኖ ወጣ።

ዓርብ ከዐስር በኋላ ጋሽ ኢዘዲን፣ አዴር ጌዲና ካሚል አቶ ሳኪሪያ ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሻይ በግመል ወተትና ጣፋጭ ሐልዋ ቀረበ። ጋሽ ኢዘዲን ሐልዋው ያለበትን ሰሐን ከምንጣፉ አበባ ጋር አስተካክለው ካስቀመጡ በኋላ ወግ ተጀመረ። ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ የድሬ ትዝታው አለቀ። አቶ ሳኪሪያ መነጽራቸውን አደረጉ።

«ልጁ ይነሳና ይዙር» አሉ።

ካሚል ተነስቶ ዞረ። አቶ ሳኪሪያ ከኋላ አዩት፣ ከቀኝ አዩት፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ወደ ግራ ሲመጡ ቆሙ። በጣታቸው ያቺን አጭር ጎን ነካ አደረጓት።

«ይቺ አጥራለች» አሉ።

ካሚል ለራሱ ሳይሆን ለጋሽ ኢዘዲን አፈረ፤ አሁን በሰው ፊት ዓይናቸው መድከሙ ሊታወቅ ነው።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ኢዘዲን።

ካሚል ዞሮ አያቸው።

«ሁለት ጣት ታጥራለች። ሐሙስ እኔ ነኝ የተውኳት። እሷን ላስተካክል ብል ሌላውን ሁሉ ወደ እሷ ማሳጠር ነበረብኝ። ለአንዷ አጭር ብዬ የሁለት ዓመት ልፋት አልቆርጥም። እያደገች ነው፤ ትደርሳለች።» ሻያቸውን አስቀመጡ። «ስሙኝ፣ ሳኪሪያ። ይሄን ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ነድጄበታለሁ። ደንበኛው ስፕሪስ ብሎታል፣ ባጃጁ ሁሉ ሰድቦታል። ስቆ አለፈ እንጂ ከማንም አልተጣላም፣ የጀመረውንም አልተወም። በዚህ ዘመን አንድ ነገር ጀምሮ ሁለት ዓመት የሚጠብቅ ጎረምሳ ስንት ያውቃሉ? ይሄንኑ ፀጉር ደግሞ ለሴት ልጅዎ ሲል ልላጨው ብሎ ሱቄ መጥቶ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

ካሚል መሬት መሬት አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በዚያች ሰዓት ከሀርጌሳ ወንዶች ሁሉ የሚኮራ እሱ ነበር።

አቶ ሳኪሪያ መነጽራቸውን አወለቁ። ከውስጥ ክፍል፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የታፈነ የሴት ሳቅ ተሰማ፤ የሱዓድ ሳይሆን አይቀርም።

«በሉ እሺ» አሉ አቶ ሳኪሪያ። «ጋሽ ኢዘዲን፣ ለልጅዎ ልጄን ሰጥቻለሁ። ፋቲሓ እንቅራና ዱዓ እናድርግ።»

አዴር ጌዲ የሰው ዘር ሐረግ ሲሳሳት ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና «የለም፣ የልጁ አባት እንኳ…» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ኢዘዲን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዱዓው ገና ሳይጀመር ከሁሉም ቀድመው «አሚን» አሉ።