ለኒው ዚላንድ ሽማግሌ መላክ

እኛ ሐበሾች «ተይው፣ ይቅርብኝ» ስንል ይቅርብኝ ማለታችን እንዳልሆነ ለማንም አስረድተን አናውቅም። ለምን እናስረዳለን? አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰው ቤት ገብተን ምግብ ሲቀርብ «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» እንላለን፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፋችን ሳይዞር። የቤቱ እመቤት እንዳልበላን ታውቃለች። እኛም እንደምታውቅ እናውቃለን። «በሞቴ» ስትል እጃችንን እንሰበስባለን፣ «አፈር ስሆን» ስትል «እሺ፣ ለቅምሻ ያህል» እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ትሪው ባዶ እስኪሆን ማን ያስቆመናል? ይህ ሁሉ የሚያምረው ግን ሁለቱም ወገኖች ጨዋታውን ሲያውቁት ነው። አንደኛው ወገን ሊንዳ የምትባል የላስ ቬጋስ ሴት ስትሆንስ?

ሊንዳ አለቃዬ ናት። አርትስ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የሥዕል መሸጫ አጠገብ፣ ትንሽ የጉዞ ቢሮ አላት። ኑሮ ለተመቻቸው ሰዎች የቅንጦት ጉብኝት ታዘጋጃለች፤ የምትልካቸውም ወደ አንድ አገር ብቻ ነው፣ ወደ ኒው ዚላንድ። እኔ ደግሞ ጠዋት ልጄን ሶልያናን ትምህርት ቤት አድርሼ ቢሮውን አጸዳለሁ። ብዙ አልናገርም። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ማንበብ ሲያምረኝ ያገኘሁትን ነው የማነበው፤ እዚያ የሚገኘው ደግሞ የጉብኝት ብሮሸር ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራውን ሳራግፍ ገጹን ሳልገልጥ ያለፍኩበት ቀን የለም። በሰሜኑ ደሴት ጭቃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል። በደቡቡ ደሴት የበረዶ ግግር ከተራራ ተንሸራቶ ጫካ ድረስ ይወርዳል። ባሕሩ በገደል መካከል ሰርጎ ይገባል፣ እንግዶቹም በመርከብ ፏፏቴ ሥር ያልፋሉ፤ ወደ ሆቴላቸው ሲመለሱ ትራሳቸው ላይ ቸኮሌት ይጠብቃቸዋል። እኛ እዚህ አየር ለመለወጥ ቦልደር ሲቲ ድረስ ነድተን፣ አይስክሬም በልተን እንመለሳለን።

አንድ ጊዜ ሊንዳ ስልክ ላይ ሳለች ተራ የምትጠብቅ አንዲት ደንበኛ ሐምሌ ላይ ሄጄ እዋኛለሁ ስትል ሰማሁ። እዚያ በሐምሌ ክረምት ነው፣ ይቀዘቅዛሉ፣ በየካቲት ይሂዱ አልኳት። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ መስታወቱን እየወለወልኩ ነው ያልኩት። ሴትዮዋ በየካቲት ሄዳ ስትመለስ ሊንዳን አቅፋ ሳመቻት። ሊንዳ ይህን አልረሳችም።

ባለፈው ሰኞ ጠራችኝ። እዚያ ያሉት አስጎብኚዎች ለእንደዚህ ዓይነት ቢሮዎች አንዳንዴ ሁለት ቦታ በነጻ ይሰጣሉ አለችኝ፤ ሰው አይቶ መጥቶ ለደንበኛ እንዲያወራ። ዐሥር ቀን፣ ሁለቱንም ደሴት፣ በሄሊኮፕተር መብረሩ ሳይቀር። የሚሄዱት ሰዎች ስም ዓርብ ይላካል። እሷ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትሆን ስለሆነ አትችልም። አንቺ ትሄጃለሽ ወይ?

ልቤ እዚያው ሄሊኮፕተሩ ላይ ወጣ። አፌ ግን እናቴ ያሳደገችው አፍ ነው። «ኖ ኖ፣ እኔ ምን አደርጋለሁ፣ ሌላ ሰው ይሂድ» አለ። ዓይኔንም እንደ ወጉ ወደ መሬት አደረግሁና ልመናውን መጠበቅ ጀመርኩ።

«ኦኬ፣ ኖ ፕሮብሌም» አለችና ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

እኔም ቆምኩ። ለሁለተኛው ልመና ትንፋሽ እየወሰደች ይሆናል ብዬ ጥቂት ታገስኩ። ቀና ብላ አየችኝና ቫኪዩሙ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ባለቤቴ ቢኒያም ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ኤፔክስ አካባቢ፣ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ከሺፍት ሲመለስ ነገርኩት። ጫማውን መፍታቱን አቁሞ ስንት ጊዜ ለመነችሽ አለኝ። አንዴ አልኩት። «አንዴ ብቻ? ምን ያለች አሳዳጊ የበደላት ናት?» ከልቡ አዘነ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሊንዳ። ቀጥሎ ግን እሱ ዕረፍት ወስዶ ሶልያናን እንደሚይዝ፣ ስሞቹ ዓርብ ከመላካቸው በፊት ሄጄ «እፈልጋለሁ» እንድላት መከረኝ። ቀላል ነገር አስመሰለው። አልፈልግም ያልኩትን ነገር በዚያው አፌ ስጪኝ ልበል?

ስለዚህ ማክሰኞ በዘዴ ሞከርኩ። ግድግዳው ላይ ባለው፣ ሄሊኮፕተር በተራራ ላይ ሲበር በሚያሳየው ፎቶ ፊት ቆሜ ረጅም ትንፋሽ እየተነፈስኩ ጠረግሁት። ሊንዳ አቧራው ጎድቶኝ መስሏት ማስክ አመጣችልኝ። ረቡዕ ብሮሸሩን ሄሊኮፕተሩ ያለበት ገጽ ላይ ገልጬ ጠረጴዛዋ ላይ ተውኩት። አመስግናኝ ለደንበኛ ሰጠችው።

በመጨረሻ ቢኒያም አጎቱን ጋሽ ታደሰን ጠራ። ጋሽ ታደሰ በስደት እዚህ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ አሁን ሥራቸው ማስታረቅ ነው። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ በፓርኪንግ የተጣሉ ጎረቤቶችን አስታርቀዋል። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት በዚህ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። መኪና ውስጥ መንገዱን ሙሉ ሲመክሩኝ ነበር። «ፈረንጅ የሚጠይቅሽ አንዴ ነው፣ ልጄ። ሲጠይቅሽ ቶሎ የስ ማለት ነው። እኔ ይህን ለመማር ዐሥር ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉኝ።

ቢሮው ገባን። ሊንዳ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ጋሽ ታደሰ አልቀመጥም አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት ይቀመጣል? እሷ ወገባቸውን አሟቸው መስሏት ትራስ ፍለጋ ተነሣች። እሳቸው ግን ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ በሚያምር እንግሊዝኛ ጉዳዩን አስረዱ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ ሰላምታ ነው፣ ሁለተኛው አክብሮት ነው፣ እምቢታ የሚባለው ሦስተኛው ብቻ ነው አሏት። አገር ቤት እንዲህ ብሎ የቆጠረ ሰው አላውቅም፤ ቢሆንም ነገሩን አሳምሮታል።

ሊንዳ ደብተሯን አውጥታ ሦስቱንም ጻፈች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በእርግጥ መሄድ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ኖ» ጥርሴ ድረስ መጣ። ጋሽ ታደሰ አሳላቸው።

«አዎ፣ እፈልጋለሁ» አልኩ። ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሊንዳ ስሜን ጻፈች፤ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ነገር እፈልጋለሁ ስትይ የሰማሁት ዛሬ ነው አለችኝ።

ታዲያ ሁለተኛው ቦታ ቀረ። ቢኒያም ልጅ ይጠብቃል። ሊንዳ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞረች፤ እሳቸው ለካ ግድግዳው ላይ ካለው የሄሊኮፕተር ፎቶ ዓይናቸውን መንቀል አቅቷቸዋል። አብረዋት ቢሄዱስ አለቻቸው።

«ኖ ኖ፣ በዚህ ዕድሜዬ» አሉ ዓይናቸውን ወደ መሬት አድርገው።

ሊንዳ አንድ ጣቷን አጠፈች። ፈገግ ብላ በደንብ ለመነቻቸው። ወጣቶቹ ይሂዱ አሉ። ሁለተኛ ጣቷን አጠፈችና እጃቸውን ሁሉ ይዛ ለመነቻቸው፤ እናቴ እንኳ እንዲህ አትለምንም። ጋሽ ታደሰ በልመናው ደስ ብሏቸው፣ ፊታቸው በርቶ፣ አይሆንም አሉ። ሊንዳ ሦስተኛ ጣቷን አጠፈች። በአክብሮት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ደብተሯን ዘጋችው።

መኪና ውስጥ ሁለት መብራት እስክናልፍ ድረስ ከረባታቸውን ሲያላሉ ቆዩ። ከዚያ አራተኛ የምትጠይቅ መስሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። ደግሞስ አንቺ እንኳ አንድ «እባክዎ» ብትይ ምን ነበረበት አሉ። እኔማ ከምራቸው መስሎኝ ነበር። ተመልሼ ልንገራት ብላቸው ተቆጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዘመድ አይሆንም፣ በወጉ መሆን አለበት አሉ።

ስሞቹ የሚላኩት ነገ ነው። ስለዚህ እስከ ጠዋት ለእሳቸው የሚላክ አንድ ሽማግሌ እየፈለግን ነው፤ ጨዋ፣ እንግሊዝኛ የሚችል፣ ከሁሉም በላይ ኒው ዚላንድን የማየት ፍላጎት የሌለው።